ድንጋዩ ላብ ያላበበት ማለዳ

በአርዶና ምሽግ አደባባይ የቆመው ታላቁ ድንጋይ ያን ማለዳ ላብ አላበው። ዝናብ አልዘነበም፤ ጤዛም አልወረደም፤ ላቡ ግን እየተንጠባጠበ መሬቱን አራሰው። የምልክቱን ትርጉም በአርዶና የማያውቅ አልነበረም፤ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው በግፍ ከድንጋዩ ሥር ይሞታል።

ዘብ ናርዲት ሟቹ ማን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ጓደኛዋ ኩልባ ሁለት ተራ አከታትሎ ከቆመ በኋላ ባለፈው ቀን ቀትር ላይ ቀበቶውን ፈትቶ ተኝቶ ተገኝቷል። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ጠላትም አልገባም። የዘብ አለቃው ድምባሮ ግን በሦስተኛው ቀን ታላቁን ድንጋይ ተሸክሞ የማማውን ሦስት መቶ ደረጃ እንዲወጣ ፈረደበት። ከዚያ ሸክም ወገቡ ሳይሰበር የወረደ የለም።

«ጥፋት ጥፋት ነው» ይል ነበር ድምባሮ። «ትንሽ የለውም።»

ድሮ እንዲህ እንዳልነበረ የነገራት የጦር ዕቃ ቤቱ ሽማግሌ አባ ዘርጌ ነው። የቅጣቱ ድንጋዮች ሦስት ነበሩ፤ ታናሿ ለእንቅልፍ፣ መካከለኛዋ ጥበቃውን ጥሎ ለሄደ፣ ታላቁ አገሩን ለሸጠ። መካከለኛዋን የተሸከመ የዘብ ቀበቶ ዳግም አይታጠቅም። ከአርባ ዓመት በፊት የነበረው አለቃ አንድ ቀን ተቆጥቶ ሁለቱን ወደ ጉምባር ገደል አስጣላቸው።

«ማን ጣላቸው?» አለች።

ሽማግሌው መዳፎቹን አየ። «እነዚህ፣ ልጄ።»

ድንጋዮቹን ለማምጣት በዚያው ሰዓት ተነሡ። ናርዲት ለማንም ሳትናገር ጥበቃዋን ጥላ ሄደች። በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ደረሱ፤ አባ ዘርጌ ገመዱን ያዘ፣ እሷ ወረደች። ከታች ቅርፊቱ እንደ ባልጩት የጠቆረው አውሬ፣ ገደሉ በስሙ የተጠራበት ጉምባሩ፣ ድንጋዮቹ እንቁላል መስለውት ታቅፏቸው ተኝቷል። ሰይፏን መዘዘች።

«ተዪው!» አለ ሽማግሌው ከላይ። «እሱ በለውጥ መዝኖ እንጂ በሰይፍ አይሰጥም።»

ናርዲት በታናሿ ድንጋይ ምትክ የራስ ቁሯን፣ ጋሻዋንና ሰይፏን አንድ ላይ አስቀመጠች። ጉምባሩ ድንጋዩን በአንድ እጁ፣ ዕቃውን በሌላው ይዞ ሲመዝን ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰይፉን መለሰላት። ጋሻውንም መለሰላት። የራስ ቁሩን ብቻ አስቀርቶ ታናሿን ወደ እግሯ አንከባለለ። አውሬ እንኳ ትርፍ አልወሰደም።

ኩልባን ለማዳን ይህቺ ትበቃ ነበር። ናርዲት ገመዱን ከያዘች በኋላ ግን ቆመች። እሷም ጥበቃዋን ጥላለች፤ ነገም ሌላው ይጥላል። መካከለኛዋ ከሌለች ያ ሁሉ ሰው ከታላቁ ሥር ሊገባ ነው። ተመልሳ ጋሻዋንና ሰይፏን አስቀመጠች። ጉምባሩ መዘነ፤ ተቀበለም። አባ ዘርጌ ድንጋዮቹን ሲጎትት የመዳፉ ቆዳ ተገፈፈ፤ ገመዱን ግን አልለቀቀም።

በሦስተኛው ቀን አደባባዩ ሲደርሱ ኩልባ ለመሸከም ጎንበስ ብሎ ነበር። ድምባሮ በታናሿ ላይ የተቀረጸውን የተከደነ ዓይን፣ የእንቅልፍን ምልክት፣ ብዙ አየ። በገዛ እጁ አነሣት፣ ክብደቷን መዘነና ከኩልባ ትከሻ ላይ አኖራት። ኩልባ ወጥቶ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። በእፍረት እየሳቀ፣ ይህቺን ተሸክሞ ሁለተኛ የሚተኛ ካለ ያ እንቅልፍ ሳይሆን በሽታ ነው አለ።

ሕዝቡ እልል አለ። ድምባሮ ወደ ናርዲት ዞሮ፦ «ለአንቺ ምሕረት አድርጌያለሁ» አለ።

ናርዲት እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ጥበቃዬን ጥዬ ሄጃለሁ። ዛሬ ስለ ወደዱኝ ከማሩኝ፣ ነገ በጠሉት ላይ ታላቁን ይጭኑበታል። የእኔን ልክ ይስጡኝ።»

አባ ዘርጌ በደማ እጁ መካከለኛዋን ደግፎ አሸከማት። ናርዲት ሦስት መቶውን ደረጃ እየቆጠረች ወጣች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችውን ቀይ ቀበቶ ማማው ጫፍ ላይ ፈታችና አጥፋ ከትከሻዋ ባወረደቻት መካከለኛዋ ላይ አኖረችው።

ያለ ቀበቶ ወረደች። በታላቁ ድንጋይ አጠገብ ስታልፍ መዳፏን አሳረፈችበት። ደርቋል።