ሲጫኑት የማይቆም ማሽን

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ፀደንያ ጎረቤት ፌስታል የሚያቃጥል መስሏት ሥራዋን ቀጠለች። ዓይኗ ወደ መኪናው በር ጠርዝ ሲወርድ ግን ጥቁር ሰማያዊው ቀለም የጣት ርዝመት ያህል ተልጦ፣ ከሥሩ ግራጫው መሠረት ብቅ ብሎ አየች። ደንግጣ የፖሊሽ ማሽኑን ከቀለሙ ላይ ከማንሳቷ መብራት ጠፋ።

በደብረ ማርቆስ ከሰዓት በኋላ መብራት ቢጠፋ ማንም ጉድ አይልም። የዚያን ሐሙስ ግን ለእሷ ሲል የጠፋ መሰላት። ደመናው በጮቄ በኩል ወርዶ ስለነበር የቆርቆሮው ጋራዥ ወዲያው ጨለመ። አባቷ የኋላሸት የወረቀት ፕላስተር ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ፣ ከመኪናው የሚታየው ቅርጹ ብቻ ነበር።

«በሩን በጨርቅ ጠረግሽልኝ?»

«ጠርጌዋለሁ።»

«ጎበዝ። በቃ ግቢና አጥኚ፤ ይኸ መብራት ዛሬ አይመጣም።»

መጥረጉንስ ጠርጋዋለች። ያልታዘዘችውን ጨምራ መሥራቷን ነው ያልተናገረችው። «ይኸን ማሽን እንዳትነኪው፤ መጀመሪያ እኔ ልልመደው» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር።

ማሽኑ ባሕር ዳር ከተዘጋ ጋራዥ ተገዝቶ ከመጣ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። ቀይ፣ ከባድ፣ ሲነሳ የቆርቆሮውን ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ። ከእሱ በፊት የኋላሸት መኪና ሲያሳምርበት የኖረውን ዕቃ ማሽን ቢሉት ማሽን ሁሉ ይቀየማል። የግድግዳ መብሻ ድሪል ነበር፤ ጫፉ ላይ ክብ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ደግሞ እናቷ ዘሪቱ የሰፋችው የበግ ለምድ። የራሱ አቅም ስለሌለው የሰው አቅም ይፈልግ ነበር። ግራ እግር ወደ ኋላ፣ ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይል መጫን። ከልኩ ሲያልፉበት አቃስቶ ቀጥ ይላል። መኪና ሊጎዳ ቀርቶ ዝንብ አይጎዳም።

የጎዳው ሰውየውን ነው። አስራ አንድ ዓመት ሲጫን የኖረው የኋላሸት ትከሻው ተዛነፈ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ረዳቱ አለበል የራሱን ቤት ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ለሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት መልስ ድሪሉን የምትጫነው ፀደንያ ናት። አዲሱ ማሽን የተገዛው ለሁለቱም ትከሻ ተብሎ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እሷን ያስቸኮላት ጥናቱ ነው። የአስረኛ ክፍል ፈተና አንድ ወር ቀርቶት፣ ፊዚክሱን ገና ግማሽ አልደረሰችም። አባቷ በሩን ጨርሶ ሲወጣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጭጋግ የመሰለ ነገር አየች። እሱ ተመልሶ እስኪያየው፣ እስኪደግመው፣ እሷም እስክትጠርግለት ድረስ አንድ ሰዓት ይሄዳል። አንዴ ብቻ ላስነካው ብላ አነሳችው። እግሯ በለመደበት ወደ ኋላ ሄደ፣ ትከሻዋም በለመደበት ወደ ፊት። ይሄኛው ማሽን ግን አላቃሰተም፤ አልቆመምም።

ዓርብ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ አባቷን በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። አውራ ጣቱን ምራቅ እያስነካ ግራጫውን መስመር ይፈትጋል፤ ቆሻሻ እንዲሆንለት የሚለምን ይመስል ነበር።

«ምን ሁኖ ነው አባዬ?» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አቃጥዬዋለሁ።» ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው። «በጣቶቼ ጀርባ እየነካሁ ነበር ሙቀቱን የምለካው። ለብ ያለ እንጂ እንዲህ የጋለ አልመሰለኝም። እጄ እየዋሸኝ ነው ማለት ነው።»

ዘሪቱ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። «ማሽኑ አዲስ ሁኖብህ እንጂ፤ ያጋጥማል።»

«ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ነገ አለበል መጥቶ ይውሰደው። ሮብ ገበያ ላለው የእህል መጋዘን ጠባቂ እየፈለጉ ነው፤ እሱን እይዛለሁ።» ወደ ፀደንያ ዞረ። «አንቺም አረፍሽ። ከእንግዲህ ትምህርትሽን ብቻ።»

እኔ ነኝ ልትል ነበር፤ አንቺም አረፍሽ ሲላት ተወችው። ልቧ ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ብልጭ አለ፤ አባቷን ስታይ በራሷ አፈረች። ቢሆንም ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

በዕረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለዜማ ነገረቻት። ዜማ ዳቦዋን እያኘከች ሰማቻት።

«እና ምኑ ነው የሚያስለቅስሽ? ተገላገልሽ እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ እጅሽ ፖሊሽ ፖሊሽ እየሸተተ።»

«እሱ እኮ እጄ ሞተ ብሎ ነው።»

«አይ አንቺ! ድሮም አመመኝ ይል የለ? ቁጭ ብሎ መጋዘን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ፋራ አትሁኚ፣ ፀዲ። ዝም አይነቅዝም።»

ተረቱ ልክ ነው፤ ዝም ያለ ሰው ዳኛ ፊት አይቆምም። ፀደንያ ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ የፊዚክስ መጽሐፏን ስትከፍት ዜማ ያለችውን ለራሷ ደገመችው። ጋራዡ ጸጥ ብሏል። ጨርቅ አምጪ፣ ገመዱን ያዢ የሚላት የለም። ለሁለት ዓመት የተመኘችው ከሰዓት በኋላ ይኸው ደረሰላት፤ አንዱን መስመር ግን አራት ጊዜ አንብባው አልገባትም።

መስኮቱ ወደ ጋራዡ ነው የሚያሳየው። አባቷ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በኮምፕረሰር ነፍቶበት ነበር። አስር ሰዓት ላይ ባለመኪናው ሀጂ አብዱልቃኒ መጡ። የቁይ ከተማ ነጋዴ ናቸው፤ እሑድ በዚህ መኪና ልጃቸውን ይድራሉ። መኪናውን አንዴ ዞሩትና ፊታቸው በራ።

«ማሻ አላህ! ይኸ የኔ መኪና ነው?»

«ሀጂ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ የኋላሸት። «እዚህ በሩ ጠርዝ ላይ ቀለሙን አቃጥዬብዎት ነበር። አድሼዋለሁ። ብቻ ሳይነግረኝ ሸኘኝ እንዳይሉ።»

ሀጂ አጎንብሰው ፈለጉት፤ መነጽራቸውን አድርገው ደግመው ፈለጉት። «አላየሁትም። ባትነግረኝ ዕድሜ ልኬንም አላየው።»

«እኔ ግን አይቼዋለሁ።»

«የሰው እጅ ነው፣ ያጋጥማል። ከሰርጉ ብቻ እንዳትቀርብኝ!»

ፀደንያ ጭንቅላቷን መጽሐፉ ላይ ደፋች። አባቷ ያላጠፋውን ጥፋት ለባለመኪናው ተናዘዘ፤ ያጠፋችው እሷ ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

ሀጂ ከሄዱ በኋላ ዘሪቱ ሻይ አመጣችለት። የኋላሸት አልጠጣውም። ማንም የማያየው መስሎት ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጋለው ብርጭቆ ላይ ማስነካት ጀመረ። ትንሿን ጣት አስነክቶ ቆየ። ቀጥሎ ያለችውን አስነክቶ ቆየ። መሐል ጣቱ ላይ ሲደርስ ተቃጥሎ እጁን ሰበሰበ፤ ከዚያ ደግሞ ማመን ያቃተው ይመስል እንደገና አስነካው።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ፀደንያ መጋረጃውን ዘጋችው፤ አልረዳትም። ከመጋረጃው ጀርባም አባቷ ጣቶቹን ሲመረምር ይታያት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አለበል በባጃጅ መጣ። ረጅም፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነው፤ ዛሬ ግን ሳቁን ቤቱ ትቶት የመጣ ይመስላል። የኋላሸት ማሽኑን ጠርጎ፣ ገመዱን በሥርዓት ጠምጥሞ፣ በሩ ላይ አስቀምጦት ነበር።

«ጋሼ፣ ከልብዎ ነው?»

«ውሰደው አልኩህ። አደራ፣ ጠርዝ ላይ ስትደርስ...» አለና ተወው። «አንተ ታውቅበታለህ።»

አለበል ሊያነሳው ሲያጎነብስ ፀደንያ ደረሰች።

«ጋሽ አለበል፣ ቆይ።» የራሷ ድምፅ ቀጥኖባት ሰማችው። «አባዬ፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ፕላስተር ልትገዛ ስትሄድ። አንተ ጨርሰኸው ነበር፤ ደህና ነበር፤ ምንም አልነበረውም።»

ባጃጁ ውጭ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሟል። ዘሪቱ ከጓዳው በር ላይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ የኋላሸት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ...» እንባዋ ቀደማት። «አንቺም አረፍሽ ስትለኝ ደስ አለኝ። ደክሞኛል፣ አባዬ። አንተ ብትተወው እኔም የማርፍ መሰለኝ።»

የኋላሸት የጎማው ቁልል ላይ ቁጭ አለ።

«እኔም ደክሞኛል» አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ማሽኑ አመለከተ። «እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሽው? እስኪ አሳዪኝ።»

ገመዱ እንዳልተሰካ አይታ አነሳችው። ግራ እግሯ ወደ ኋላ፣ ቀኝ ትከሻዋ ወደ ፊት፣ ጥርሷ ንክስ። አለበል ሳያስበው ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ! ይኼ እኮ እርስዎ ነዎት! ቁርጥ!»

የኋላሸት አልሳቀም። ወደ ፊት የወጣውን የልጁን ትከሻ ነበር የሚያየው፤ በጥሩ ዓይንም አላየው። ተነስቶ መጣና መዳፉን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

«እኔ ነኝ ይኸን ያስተማርኩሽ» አለ። «ሁለተኛ እንዳትሠሪው።» ማሽኑንም ከእጇ ተቀበላት። «አለበል፣ ባጃጁን ሸኘውና ግባ፤ ቁርስ ቀርቧል።»

ከቁርስ በኋላ ፀደንያ እንደ ልማዷ ወደ ጋራዡ ልትወጣ ስትል አባቷ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«የት ነው?»

«ጨርቁን ላቀብልህ።»

«ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳላይሽ። ይኸ ለዋሸሽኝ ቅጣት ነው» አለ። እንዲህ ያለ ቅጣት በየት አገር እንዳለ እንጃ፤ ፊቱን ግን አላላላውም። «ከፈተናው ወዲያ ደግሞ አዲስ አያያዝ አብረን እንለምዳለን። እኔም ገና ነኝ።»

መኝታ ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ከፈተች። ማሽኑ ሲነሳ ጩኸቱ ጠረጴዛዋን ነዘረው። በዚህ ጫጫታ ማን ያነባል ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ብድግ አለች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ድምፁ ወፈረ፤ ከመጠን በላይ ወፈረ። ሳታየውም ግራ እግሩ የት እንደሄደ አወቀች።

መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አባዬ! አትጫነው!»

አባቷ ማሽኑን አጠፋው። ከዚያ ማሽኑ እንደገና ተነሳ፤ ድምፁ ቀጥኖ፣ ቀልሎ። ፀደንያ ጥቂት ቆማ አዳመጠችው። መስኮቱን ሳትዘጋው ወንበሯን ሳበችና ቁጭ አለች።