ከሰመራ የመጣ ዳጉ

ዶክተር ሣህሌ የዓይን ሐኪም ነው። ሥዕልም ይሥላል፤ ሥዕል ከተባለ። በየዓመቱ ሥዕሎቹን ከሰመራ ጭኖ አዋሽ ይመጣና እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይሸጣቸዋል። ገንዘቡ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የዓይን ቀዶ ሕክምና ይውላል።

ያስተዋወቀችን እሱ የሣላት ግመል ናት። የሥዕል አስተማሪ ነኝና አላስችል ብሎኝ፣ «ዶክተር፣ ይቺ ግመል እኮ አምስት እግር አላት» አልኩት።

«አንዱ ጅራቷ ነው» አለ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

ሳቅን። ሳቃችን ቆሞ እንኳ ዓይኑ ከዓይኔ አልተነሣም። ግመሏን እኔው ገዛኋት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይደውላል። ስለ ሕመምተኞቹ፣ ስለ ሰመራ ሙቀት፣ ስለ ቀለም ያወራኛል። የምጠብቃትን ቃል ግን አይናገራትም። ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ዘንድሮ እናቴ ወዳለችበት ሐዋሳ ዝውውር ሲፈቀድልኝ ነገርኩት።  «ጥሩ ነው፤ እናትሽ ደስ ይላቸዋል» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በዐውደ ርዕዩ ዋዜማ አፋሯ ጎረቤቴ ሀምዳ መጣች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል።

«ሎዛ፣ ከሰመራ ዳጉ መጥቷል። ሰላም ነው። ዝናብ የለም። ሰርዶ አካባቢ ፍየሎች ከስተዋል...»

«ሀምዳ፣ እኔ ፍየል አለኝ?»

«ዳጉ ከመሐል አይጀመርም!» ብላ ተቆጣችኝ። «የአባ ኢስማኤል ዓይን በራ፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታላቸው መጀመሪያ ያዩት ግድግዳ ላይ ያለ የሴት ሥዕል ነው። ‹ይቺ ማናት?› አሉት። ‹ሎዛ ናት፤ አዋሽ ታስተምራለች። እወዳታለሁ› አለ። ‹ነገርካት?› ሲሉት፣ ‹ከእናቷ ነጥዬ እዚህ ሙቀት ውስጥ ላስቀራት?› አላቸው። እሳቸው ለሹፌር ነገሩ፣ ሹፌሩ ለእኔ። ዳጉ አለቀ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልናደድበት ፈልጌ ደስታው ቀደመኝ።

በማግስቱ ሣህሌን አዳራሹ በር ላይ ጠበቅኩት።

«ሰላም ነው» አልኩት። «ዝናብ የለም። ሰርዶ አካባቢ ፍየሎች ከስተዋል። የአባ ኢስማኤል ዓይን በርቷል።»

የያዘውን ሥዕል ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ገብቶታል።

«ሌላስ?» አለ።

«ሌላውን ከሐኪሙ አፍ ነው መስማት የምፈልገው።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።

«እወድሻለሁ፣ ሎዛ» አለ በመጨረሻ። «ግን እናትሽ...»

«እናቴ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ያ ሐኪም ምን አለሽ?› ስትለኝ ነው የኖረችው! ደግሞ ሰመራም ትምህርት ቤት አለ።»

እጄን ያዘ። ሀምዳ ከኋላችን ቆማ ኖሯል፤ ዳጉውን ለሹፌሮች ልትነግር ወደ መኪና መንገዱ ስትሮጥ አየናት።

ሰመራ ስንደርስ አባ ኢስማኤል ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ ካዩት ሥዕል ጋር እንደሚያስተያዩ ሁሉ በበራው ዓይናቸው ፊቴን መረመሩት። ከዚያ ወደ ሣህሌ ዞሩ።

«ማሻአላህ! ልጄ፣ አንተ ዓይን አብራ» አሉት። «መሣሉን ለእሷ ተውላት።»