ከበሩ ሥር የተቀበረው

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ወገዳ ኑ፤ በሩን ራሴ አሳያችኋለሁ።

ጊዜው ሐምሌ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ... ጉም ከተማውን የዋጠበት ቀን ነበር።

እኔ ከአድማሱ ግቢ ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። ያየሁትን አየሁ፤ የቀረውን አድማሱ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ነግሮኛል።

አድማሱ እህል ነጋዴ ነው። እጁ ሁሉን ይሞክራል፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። ከብረት በሩ ማዶ ጥግ ላይ ለሠራት የኪራይ ክፍል መብራት ሲስብ፣ ለዚህች ባለሙያ አልጠራም ብሎ ገመዱን ራሱ ቀጠለ። ናስትሮ ሲያልቅበት መጋጠሚያውን በፌስታል ጠቀለለና ከበሩ ሥር ቀበረው።

ዝናቡ ገባ።

መጀመሪያ ውሻው በበሩ መግባት ተወ። አጥር ሾልኮ ይገባል፣ አጥር ሾልኮ ይወጣል...

ቀጥሎ የማሬ አህያ። ማሬ ጎረቤታቸው ናት፤ በአህያ ውኃ እያመላለሰች ትሸጣለች። አህያዋ ከበሩ ስትደርስ ጆሮዋን አጋድማ ቀጥ አለች። ቢጎትቷት፣ ቢገፏት... ወይ ፍንክች።

አንድ ጠዋት ደግሞ የሚያደልቡት በግ ከበሩ ሥር ሞቶ ተገኘ።

ቁስል የለው፤ ደም የለው።

የአድማሱ እናት እማማ አመተ ማርያም ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠሩት።

"በሩን ስገፋው እጄን ይይዘኛል" አሉት በሹክሹክታ።

"ምን ይይዝዎታል?"

"እንጃ... መተት ተቀብሮብናል ልጄ። ማሬ ናት። አህያዋ እንኳ የእመቤቷን ሥራ አውቃ አልገባም አለች።"

አድማሱ ያን ጊዜ ገባው። ውሻው፣ አህያዋ፣ በጉ... ሁሉም የፌስታሉ ሥራ ነው።

"እኔ ነኝ" ማለት ግን ሞት መሰለው። ያ ሁሉ ጉራ የት ይገባል? መብራቱን ቢያጠፋው ተከራዩ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሳያየኝ ቆፍሬ አወጣዋለሁ እያለ፣ ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ።

በሰፈሩ ማሬን ሰላም የሚላት ጠፋ፤ ውኃዋንም የሚገዛት ጠፋ። አድማሱ ይህን እያየ ዝም አለ።

በዚያ በጉም ቀን ቄስ ሙሉቀን በሩን ጠበል ሊረጩ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ በከተማው መብራት አልነበረም፤ አድማሱም በዚህ ተጽናና። መብራት ከሌለ ማንም ምንም አይሆንም አለ በሆዱ።

ቄሱ ጫማቸውን አወለቁ። እማማ አመተ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በባዶ እግራቸው ጭቃው ላይ ቆሙ። ማሬም ከነአህያዋ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ፊቷን እንይ ተብላ ተጠርታ ነው።

ጸሎቱ ተደረሰ፤ ጠበሉ ተረጨ። ውኃው በብረቱ ላይ እየወረደ መሬቱን አራሰው።

"አሁን በስሙ በሩን ይክፈቱት" አሏቸው ቄሱ።

እናትየው እጃቸውን ዘረጉ...

በዚህ መሃል ከበሩ ማዶ ባለችው ክፍል አምፖሉ ቦግ አለ።

መብራት መጣ።

አድማሱ አፉን ከፈተ።

ጣታቸው ብረቱን ሊነካ ነው...

"እማዬ አይንኩት... መተቱ የኔ ነው።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

አድማሱ ሮጦ ማጥፊያውን ከቆጣሪው ላይ አጠፋና በሰው ሁሉ ፊት በዶማ ቆፈረ። የቀለጠ ፌስታል ወጣ፤ የተራቆተ ገመድ ወጣ። እናቱ ልጃቸውን ዞር ብለው አላዩትም፤ መንገዱን ተሻግረው ማሬ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀድማ ያዘቻቸው።

"መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር" ይላል አድማሱ።

በማግስቱ ባለሙያ ተጠራ። ገመዱን ነቅሎ ወሰደ፣ በሩንም በመሣሪያ ለካው። ከእንግዲህ ሕፃን ቢደገፈውም አያሰጋም አለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩላችሁ ነበር።

እማማ አመተ ማርያም ማሬን ውኃ አምጪልኝ ብለው ለመኗት። መጣች። አድማሱ ሊቀበላት በሩን ከፍቶ ቆመ። በከተማው መብራት የለም። ከበሩ ሥር ምንም የለም...

አህያዋ ጆሮዋን አጋድማ ቀጥ አለች።

ማሬ መሬቱን አየች። በሩን አየች። ከዚያ እሱን አየችው።

"እስቲ አንተ ራቅ በል" አለችው ቀስ ብላ።

ራቅ አለ።

አህያዋ ገባች።

ጀሪካኑን ላውርድልሽ ብሎ ተመልሶ ቀረበ... አህያዋ እየተንቀጠቀጠች ወደ ኋላዋ ሸሸች።

አድማሱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከጀርባው የገዛ ውሻው አጥሩን ሾልኮ ወጣ።