ታንከሩ ባዶ የሚሆነው ስንት ሰዓት ነው?

እኔ ውሸታም ነኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

ይሄኛውን ግን መዋሸት ብችል ኖሮ... ዋሽቼ መጨረሻውን አሳምረው ነበር።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነው። ፀሐይ ወለል ብላ ወጥታለች። ጨለማ የለ፣ መቃብር የለ፣ የሚያላዝን ውሻ የለ። ያለነው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

በሩ ግን ከውጭ ተቆልፏል።

እኔ እዚያ ትምህርት ቤት የተሰበረ ወንበር የምጠግን፣ የተደፈነ ቧንቧ የምከፍት ሰው ነኝ። የራሴ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ «በቃኝ» ብሎ ቆሟል። ተማሪዎቹ «ጋሽ ቀደዳ» ይሉኛል። አፌን ከከፈትኩ መቅደድ እንጂ መስፋት አላውቅማ።

ልጆቹ ዛሬ ጠዋት የተፈተኑት ፈተና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ሰዎቹ ዓለምን በሰዓት ሸንሽነው ለእያንዳንዱ ሽንሽን የተለያየ ወረቀት ይልካሉ፤ ቀድሞ የነጋለት ተፈትኖ ገና ለሚነጋለት እንዳይነግር። በእኛው ሽንሽን ውስጥም ከእኛ ሦስት ሰዓት ዘግይተው የሚነጋላቸው አገሮች አሉ። የእነሱና የእኛ ወረቀት አንድ ነው። ስለዚህ እነሱ ፈተናው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ የእኛዎቹ ጨርሰውም አይወጡም። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። እስከ ሰባት ሰዓት ታጉሮ መቀመጥ ነው።

እንድጠብቃቸው ተብሎ እኔም አብሬ ታጎርኩ።

ከተማሪዎቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። የሠራተኛ ዘመድ ተብላ በነጻ ነው የምትማረው። እናቷ፣ ማለት እትዬ፣ ሆስፒታል ከተኛች ሰነባብታለች። ዶክተሩ «እየተሻላት ነው፣ ሰሞኑን ትወጣለች» ብሎናል። እትዬም ለልጇ «ፈተናሽን ሳትጨርሺ ዓይንሽን እንዳላየው» ብላ ልካባታለች።

ልጆቹ እንደተቆለፈባቸው መልስ ማመሳከር ጀመሩ።

«አምስተኛውን ስንት አመጣችሁ?» አለ መነጽሩ የምንለው ልጅ። ጎበዝ ነው፤ መጎበዙንም ያውቃል።

«የታንከሩን?»

«አዎ። ውሃው እያለቀ ስንት ሰዓት ላይ ባዶ ይሆናል የሚለውን።»

ስድስት ተኩል... ስድስት ተኩል... ስድስት ተኩል። ሁሉም ተስማሙ።



«አንቺስ?» አላት መነጽሩ የእህቴን ልጅ።

«የእኔ ታንከር አልነበረም።»

«እንዴት ታንከር አልነበረም?»

«ሴትዮ ናት። መስኮት አጠገብ የተኛች ሴትዮ።»

ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። እጅጌዬን ይዛ ወደ መደርደሪያው ጀርባ ወሰደችኝ።

«አጎቴ... አንተ ነህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ወረቀቴን የቀየርከው። ቀልድህ ነው አይደል? ቀልድ ነው በለኝ።»

«እትዬ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም!»

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሁለታችንም ሰማነው።

«ምን ይላል ጥያቄው?» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«የሴትዮዋ ትንፋሽ እያለቀ ነው ይላል። በየደቂቃው ይሄን ያህል ይቀንሳል ይላል። ሀ፣ ልጇ አራት ሰዓት ላይ ብትነሳ ትደርስባታለች ወይ? ለ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ብትነሳስ?»

«እና... ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ሀ... ትደርሳለች።»

«ለ»ን አልጠየቅኳትም።

መነጽሩ ለካ ከመደርደሪያው ወዲያ ቆሞ ይሰማል። «እስቲ ቁጥሮቹን ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። ጠረጴዛው ላይ በጣቱ አሰላ... አጠፋ... እንደገና አሰላ።

ከዚያ የጎበዝነቱ ፊት ጠፋ።

«ቁጥሩ አንድ ነው» አለ። «ከታንከሩ ጋር... አንድ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

ሄጄ በሩን ደበደብኩ። የፈተናው አስተባባሪ ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ከደመወዟ ብር ቢጠፋ የማታዝን፣ ከፈተና ደቂቃ ቢጎድል የምትታመም ሴት ናት። ወይዘሮ ደቂቃ ያልኳት እኔ ነኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ማዳም፣ የእህቴ ልጅ ትውጣ። እናቷ...»

«ተደወለ?»

«አልተደወለም። ፈተናዋ ላይ ተጽፎ ነው።»



«ስማ» አለች። «ባለፈው የላቦራቶሪው አጽም አስነጠሰ ብለህ ጽዳቶቹን አስበረገግህብኝ። ዛሬ ደግሞ ፈተናው መርዶ ነገረ?»

መማል ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ።

ማን ይሙት ልበል?

«አንድ ልጅ ከወጣ የሁሉም ይሰረዛል» አለች። «የሁሉም! የሰው ልጅ ዓመት ሙሉ ለፍቷል። ሰባት ሰዓት።»

ቆለፈች።

እኔም የማውቀውን ብቸኛ ሙያ ተጠቀምኩ። ወለሉ ላይ ዘፍ ብዬ ወደቅሁ። ዓይኔን ገለበጥኩ፣ ተንፈራገጥኩ፣ ምራቄን በአፌ ጥግ ለቀቅሁት። ራሱን የሳተ ሰው ካለ በሩ መከፈቱ አይቀርም፤ በሩ ከተከፈተ ደግሞ ልጅቷን ገፍቼ አስወጣታለሁ።

ከኋላ አንዱ አጨበጨበ።

«ጋሽ ቀደዳ፣ የአምናው ይሻል ነበር!» አለች አንዷ።

ወይዘሮ ደቂቃ በበሩ መስታወት አየችኝ። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ሰው ዕድሜ ልኩን ውሸት ሲያጠራቅም እንዲህ ነው። አንድ ቀን እውነት ልትገዛበት ስትወጣ፣ አይመነዘርልህም።

ስድስት ሰዓት አለፈ።

ያኔ ነው ዶሮው የጮኸው።

የእኔ ስልክ ሲጠራ እንደ አውራ ዶሮ ነው የሚጮኸው፤ ሰው ለማስደንገጥ ብዬ ያስገባሁት ነው። የሁላችንም ስልክ ጠፍቶ፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ከበሩ ውጭ ተቀምጧል። የእኔንም በገዛ ጣቴ አጥፍቼዋለሁ።

ጮኸ... ዝም አለ... እንደገና ጮኸ።

«ስልኬ ነው! ክፈቱልኝ! ከሆስፒታል ነው!»

«ምን ስልክ? ምንም አይሰማም። ተው እንግዲህ!» አለች ወይዘሮ ደቂቃ ከውጭ።

ወደ ልጆቹ ዞርኩ። ሁሉም ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነዋል።

የእህቴ ልጅ ብቻ አልደፈነችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ፣ ወረቀት እስኪሰበሰብ እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አጎቴ» አለች ቀስ ብላ። «በቃ፣ ተቀመጥ።»

ረጅሙ የሰዓቱ ቆጣሪ ስድስት ተኩል ላይ ወረደ። ዶሮው ጩኸቱን አልጨረሰውም።

መሃል ላይ ተቆረጠ።

መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ማልቀስ ጀመረ። ስለ መልሱ ትክክል መሆን እንዲህ ያለቀሰ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ደቂቃ ፈገግ ብላ «ጎበዞች፣ አሁን መውጣት ትችላላችሁ» አለች። የማንም ፈተና አልተሰረዘም። እንኳን ደስ ያላቸው።

ስልኬን ስከፍተው የደወለ ቁጥር የለበትም። አንድም።

አውቶቡስ ይዘን ሄድን። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አገኘችን። ፊቷን አይቼ ገባኝ።

«ልደውልላችሁ ስል...» አለች።

የእህቴ ልጅ አልጮኸችም።

«ሲስተር፣ ብቻዋን ነበረች?»

«ኧረ የለም የኔ እናት። ያቺ ሴትዮ አብራት ነበረች። ባጅ ያንጠለጠለችው። እናንተ የላካችኋት መስሎኝ... ከጠዋት ጀምሮ ሰዓቷን እያየች በአልጋዎቹ መሃል ስትመላለስ ነበር።»

እኛ ማንንም አልላክንም።

ገባን። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ናት። ፊቷ ተሸፍኗል። የምግብ ጠረጴዛዋ እስከ ደረቷ ተስቧል፤ በላዩ ምንም የለም። ቀኝ እጇ ከአንሶላው ውጭ ቀርቷል።

ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረዋል።

እህቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዕድሜ ልኳን በአውራ ጣቷ ነው የፈረመችው።

ልጅቷ እጇን አንስታ ጥቁሩን አሸት አሸት አደረገችው። አልለቀቀም። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ለመጨረስ ስንት ሰዓት ሰጥተዋት ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

ነርሷ አልገባትም። እኔን አየችኝ።

«እሽሽ...»

ድምፁ የመጣው ከጎረቤት አልጋ ነው። አንዲት አሮጊት ናቸው። ጎንበስ ብለዋል። ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

«ዝም በሉ እባካችሁ... እኔ ገና አልጨረስኩም» አሉ።

ግራ ክንዳቸውን እንደ አጥር አዙረው፣ እንዳንኮርጅባቸው ጠረጴዛቸውን ከልለው፣ ቶሎ ቶሎ ይጽፋሉ።

ጠረጴዛው ላይ ግን ወረቀት አልነበረም።