ያልጠቆረው ነጭ መስመር

ሟቹን ከመሪው ላይ ሲያነሱት ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነበር። የውድድር መኪናው አጥር ተደግፋ ቆማለች፤ መብራቷ እንኳ አልተሰበረም። ሐኪሙ የገደለው ግጭት ሳይሆን ጭስ ነው አለ፤ ዝናብ ስለነበር መስኮት ዘግቶ ሲነዳ፣ አዲስ ከተገጠመው የጭስ ማውጫ የሾለከ ጭስ። የገጠመችው ደግሞ የገዛ እህቱ ናት። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጣቢያ ሲደርስ፣ መካኒኳ ግሪስ የጠገበ ቱታዋን እንደለበሰች «በቸልተኝነቴ ወንድሜ ሞቷል» የሚል ወረቀት ፊት ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ አዛዡ ይህንንም እንደ ጥፋት ቆጥረውባታል። ትናንት የወንድሟ ሬሳ ካለበት ሆስፒታል ካመጧት ጀምሮ ፈርሚ ሲሏት መልሷ አንድ ነው።

«አልፈርምም። እጄን አውቀዋለሁ።»

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ የግራ ጆሮው ስለማይሰማ ነው። በደህናው አደመጣት። አዲሱን ዕቃ የገጠመች ዕለት ሞተሩ ቲክ ቲክ ይል ነበር። የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን በየመጋጠሚያው እያስጠጋች ፈለገችና ከሾፌሩ ወንበር ሥር አገኘችው። በመጋጠሚያው መሀል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ቀየረች፤ ሦስቱን ብሎኖች አጠበቀች፤ ሞተሩን አሙቃ፣ ሲበርድ ደግማ አጠበቀች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከእያንዳንዱ ብሎን እስከ ብረቱ በነጭ የጥፍር ቀለም አሰመረች። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።

ጭስ ማውጫውን የሸጠው የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ሟቹ ዕቃውን በሰው ፊት አጣጥሎበት ስለነበር ቂም ይዟል፤ ቢሆንም አልዋሸም። ከአደጋው በፊት በነበረው ከሰዓት ሟቹ ሊታረቀው ጠርቶ ሞተሩን አስደምጦታል፤ ቲክ የሚል ነገር አልነበረም። የጋራዡ ዘበኛ ግን በአደጋው ዕለት ጠዋት መኪናዋ ስትወጣ ድምፁን ሰምቶ ለሟቹ ነግሮታል። ሟቹ አዲስ ዕቃ እስኪለምድ ያጉረመርማል ብሎ፣ ስቆ ሄደ።

በየውድድሩ አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ የሚነግረው ረዳቱ ዐይኑ አብጧል። የዚያን ጠዋት ራሱን አሞት እንደቀረ፣ መኪናዋንም ጎትቶ ጋራዥ ያስገባት እሱ እንደሆነ ተናገረ።

«ማስረጃ እንዳይነካካ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ለእናንተ እስካስረክብ ዝንብ አልገባባትም።»

መርማሪው አመሰገነው። ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ጀርባው ዘይት በዘይት ሆኗል። ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሦስቱም ብሎኖች በጣት ይዞራሉ» አለ። አዛዡ መካኒኳን ገረመሟት። «መስመሮቹ ግን አልተሰበሩም።»

«እንግዲያው ሳታጠብቅ ነዋ ያሰመረችው» አለ ረዳቱ።

«እንደዚያ እንድንል ነው የተሰመሩት። ይህ ቱቦ ሲሠራ እንደ ምድጃ ይግላል። ከፊት ባለው ሌላ መጋጠሚያ ላይ ያሰመረችው ቀለም ጠቁሯል። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ያለው ግን እንደ ወተት ነው። እሳት አላየም፤ የተቀባው መኪናዋ ሰው ገድላ ከበረደች በኋላ ነው። አንድ ሰው ትናንት በማለዳ ብሎኖቹን ሲያላላ የእሷን መስመር ሰበረ። ኋላ ተመልሶ አሮጌውን ፍቆ በአዲስ ቀለም ደገመው። ያን ጊዜ እሷ ጣቢያ ነበረች፤ ቁልፏም እዚያ ተይዟል። ነጋዴው ቁልፍ የለውም።» ወደ ረዳቱ ዞረ። «ዝንብ እንዳልገባባት የነገርከን አንተ ነህ።»

ረዳቱ ወደ መሪው ተመለከተ። «ዐሥር ዓመት ኩርባውን ሁሉ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «መሪውን አንድ ቀን ስጠኝ ብለው ሳቀብኝ።»

ሲወስዱት መካኒኳ አላየችውም። አዛዡ አንገታቸውን ደፍተው የመለቀቂያ ወረቀት አቀረቡላት።

«መጀመሪያ ያኛውን ይቅደዱት» አለች።

የቸልተኝነቱን ወረቀት አውጥተው ቀደዱት። ሁለቱን ግማሾች እስክታይ ጠበቀች፤ ከዚያ ፈረመች።

«መኪናዋ ማስረጃነቷ ሲያበቃ ትመልሱልኛላችሁ። አጠብቃታለሁ፤ አሙቄ እንደገና አጠብቃታለሁ፤ የምነዳትም ራሴ ነኝ።» እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «አሁን የወንድሜን እርም ላውጣ።»

እዚያው መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች።