የሙከራው ሌንስ

ፎቶ አንሺው ጂራታ በፎቶ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ በክቡ ሰርጉዷል። ደሙ እስከ ደጃፉ ወርዷል።

ኢንስፔክተር ወይንሀረግ ልደታ ካለው ፎቶ ቤት ስትደርስ ሰፈርተኛው የተክለ ሃይማኖቱን የካሜራ ነጋዴ ፈሀድን ከቦ ይረግጠዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዲት እናት እንኳ ጫማቸውን አውልቀው ይመቱታል። ወይንሀረግ ወደ ሰማይ ተኩሳ አስጣለችው። ሁለት ጥርሱ ረግፏል። እውነተኛውን ገዳይ ካላገኘች ይህ ሰው አንድም በዱላ፣ አንድም በእስር ማለቁ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ጂራታ ‘ካሜራውን ልቀይር ወይስ ሌንሱን ብቻ?’ እያለ ወር ሙሉ ሰፈሩን አሰልችቷል። በመጨረሻ ፈሀድ ረጅምና ከባድ ሌንስ ለሦስት ቀን ሙከራ ሰጠው። ዛሬ ጠዋት ሌንሱ የለም፤ ፈሀድ ደግሞ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ተገኘ።

ወይንሀረግን ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሰው የራሱን ዕቃ ለመውሰድ ይገድላል? ደግሞ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሌባ ከነሌንሱ አንጠልጥሎት ይሄድ ነበር። ይኸኛው ሌንሱን ነቅሎ የካሜራውን አፍ በክዳኑ ከድኗል፤ ክዳኑ ላይ ደም አለ። ሰው ገድሎ ካሜራ አቧራ እንዳይገባው የሚሳሳ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። የመታውም በሌንሱ ነው፤ ቁስሉ ክብ ነው።

ፈሀድ ሲሸጥ እንጂ ሲያነሳ አይታወቅም። ደጃፉ ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው ቃለሕይወት ግን ስምንት ዓመት ከጂራታ ጋር ሰርግ አንስቷል።

ሁለቱንም አስገባቻቸው። አሻራ አንሺዎቹ ሲጨርሱ ክዳኑን አንስታ ካሜራውን መስኮቱ ላይ አኖረችው። ሚኒባስ አቧራውን አስነስቶ አለፈ። ፈሀድ ደሙን እየተፋ ዞር ብሎም አላየ። ቃለሕይወት ስለ ሟቹ ደግነት እያወራ እጁ ሄዶ ካሜራውን ከደነው።

“ገድለኸውም እንዲሁ ነው የከደንከው” አለችው።

የካሜራ ማቆሚያውን አንስቶ ዘለለባት። የእጁን አንጓ በሽጉጧ ሰደፍ ሰብራ ፊቱን ከወለሉ አጣበቀችው።

ሌንሱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ መጣሉን አመነ።

“ሰርግ ላይ ከፊት እኔ፣ ከኋላ እሱ ነበርን” አለ እያቃሰተ። “ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ካለው እኔ ምን አደርግለታለሁ? ልጆቼስ ምን ይበላሉ? ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ መጣሁ። ‘ወስኛለሁ’ ሲለኝ የቀረውን አልሰማሁትም። ሦስቴ መታሁት።”

ፈሀድ አፉን በመዳፉ ይዞ ቀና አለ።

“ከሱብሂ ሶላት በኋላ ደውሎልኝ ነው የመጣሁት። ‘ና ሌንስህን ውሰድ፤ እሱን ከገዛሁ ለቃለሕይወት ሥራ አይተርፈውም’ አለኝ።”

ቃለሕይወት ግንባሩን ከሲሚንቶው ጋር ያጋጭ ጀመር። ወይንሀረግና ፈሀድ ለሁለት ነው የያዙት።