አልበሜ ላይ የጮኸው ማነው?

ሰው ፍቅር ሲይዘው ልቡ ይመታል ይላሉ። እኔን መጀመሪያ የመታኝ ጋዜጣ ነው። ያውም ተጠቅልሎ!

ዱሺክ እባላለሁ። እናቴ ጆንጁ ከተማ ገበያ ውስጥ የበቆልት ሾርባ ትሸጣለች። እኔን ትምህርት ጥሎኝ ስለሄደ ሳህን አጥባለሁ፣ የሩዝ ጠላ በሞተር አደርሳለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ ሰው አበሽቃለሁ። አንድ ጠዋት ታዲያ ጊታር ያዘለች ልጅ በሩን በርግዳ ገባች። ወዲያው አወቅኳት። ቦራም! በብርዱ ሰሞን ትንሿ አዳራሽ ውስጥ እየተቀረጸች ስትዘፍን፣ ያመጣሁት የጠላ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር የሰማኋት።

«ጠላ የሚያመላልሰው አንተ ነህ?»

«ስንት ጠርሙስ ልበል?»

ጧ! በጋዜጣው።

«ስንት ዓመትህ ነው አንተ?»

«የዘንዶ ዓመት ልጅ ነኝ።»

«እኔ የነብር! በሁለት ዓመት እበልጥሃለሁ! ስለዚህ እትዬ እያልክ ተሰደብ!»

«እሺ እትዬ። ምን አጠፋሁ?»

ጋዜጣውን ዘረጋችው።

«ስማ! ‹የቦራም የመድረክ አልበም ጨዋ ነው። ጨዋ፣ ንፁህ፣ እንቅልፍ የሚጋብዝ። ግን ከታዳሚው መሃል ኦልሺጉ፣ እሰይ እያለ የሚጮህ አንድ ጀግና አለ! እሱ ሲጮህ ዘፈኑ ነፍስ ይዘራል። ስሙ ሽፋኑ ላይ አለመኖሩ ነውር ነው።›»

እናቴ ከድስቱ ጀርባ ብቅ አለች። «ውይ! ልጄን ጋዜጣ አወጣው?»

«አክስቴ! ዘፋኟ እኮ እኔ ነኝ!»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዓይኗን አየሁት። በእንባ ሞልቷል።

«ታዲያ ጩኸቱን ለምን አልቆረጣችሁትም?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ማይኩ አናትህ ላይ ነበራ! ‹እሱን ከቆረጥን አንቺም ትቆረጫለሽ› አሉኝ! አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ይሄ አልበም ካልሆነልሽ ጉንሳን ተመልሰሽ ላውንደሪዬ ውስጥ ልብስ ትተኩሻለሽ።› ትናንት ደግሞ ደውሎ... ‹ያ የሚጮኸው ልጅ ጎበዝ ነው› አይለኝም! ማነው እንድታሾፍብኝ የላከህ?»

«ማሾፍ? እትዬ፣ አያቴ እኮ የጥንቱ የፓንሶሪ ዘፈን ከበሮ መቺ ነበር። ዘፋኝ ሲያንጎራጉር ኦልሺጉ ያላለ ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም። እሰይ ሳይሉት የሚዘፍን ሰው ሬሳ አጠገብ እንደሚያለቅስ ነው ይል ነበር። ዝም ብልሽ የሰደብኩሽ መስሎኝ ነው!»

«የኔ ዘፈን ፓንሶሪ አይደለም! ሹክሹክታ ነው!»

«እሱማ... አንጀቴን የበላው ሹክሹክታው ነው።»

ጊታሯን አውርዳ ተቀመጠች። እናቴ ሾርባ አቀረበችላት፤ እንቁላል ሁለት አድርጋ። ለኔ በልደቴ ቀን እንኳ አንድ ነው!

ከዚያ ወዲያ መመላለስ ጀመረች። ልትሰድበኝ እየመጣች ሾርባ ትጠጣለች፤ ሾርባ ልትጠጣ እየመጣች ትስቃለች። እኔማ ሳህን ሁለቴ ማጠብ ጀምሬያለሁ፤ ፈዝዤ!

አንድ ቀን ቦራም ሾርባ እየጠጣች ሳለ የቀጣዩ ኮንሰርቷ አዘጋጅ እየሮጠ መጣ። ጋዜጣውን ያነበበ ሁሉ ትኬት ገዝቷል።

«ዱሺክ፣ አንተም መድረክ ላይ ትወጣለህ! ፖስተሩ ላይ ‹ቦራም እና ባለጩኸቱ› እንላለን!»

«ምን ትያለሽ እትዬ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው... ሰው ይመጣል» አለች። ማንኪያዋ ግን መሃል መንገድ ላይ ቆመ። እኔ መጽሐፍ አይገባኝም፤ ማንኪያ ግን ይገባኛል።

አዘጋጁን ውጭ ይዤው ወጣሁና «አልወጣም፣ አልጮህምም» አልኩት። ለሷ አልነገርኳትም። ብነግራት ‹አዝኖልኝ ነው› ብላ ሌላ ጋዜጣ ትጠቀልላለች።

በኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሰዉ ለመጮህ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ያን ጉድ ጋዜጣ ላይ የጻፈው ሽማግሌ፣ አቶ ጊል፣ ፊት ወንበር ላይ ተኮፍሷል። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ።

ቦራም ጀመረች። ወዲያው ጉሮሮዬን በላኝ! የአያቴ ደም ነው፣ ምን ላድርግ? አጠገቤ ከነበረች ሻጭ እንደ ማስቲሽ የሚያጣብቅ የሩዝ ቂጣ ገዛሁና ሙሉውን አፌ ውስጥ ወተፍኩ። ሌላም ደገምኩ።

አልበሙ ላይ የጮህኩበት ቦታ ስትደርስ ጩኸቴን ጠበቀች። የለም። በዓይኗ ፈለገችኝ። ድምጿ ተሰበረ... ፊቴ ያለው ጎረምሳ ሊጮህ አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩለት። እሷም ዓይኗን ጨፈነችና ያን የተሰበረ ድምፅ እንደተሰበረ ዘፈነችው። ኧረ እናንተዬ! ጉሮሮውን ሲጠርግ የነበረው ሰው ሁሉ መተንፈስ ረሳ። ስትጨርስ በጭብጨባ ጣሪያው ሊነሳ!

አቶ ጊል መነጽሩን እየጠረገ መድረኩ ድረስ ሄደ።

«ልጄ፣ ባለፈው ልጁን ነበር የሰማሁት። አልበሙን እንደገና አዳምጬ እንደገና እጽፋለሁ። ዛሬ ገና ሰማሁሽ።»

እሷ ግን እኔ ጋ እየሮጠች መጣች።

«ለምን ዝም አልክ? የሞትክ መስሎኝ ነበር! ዘፈኔ አስጠላህ?»

«እምምም!» ጉንጮቼን አሳየኋት። ሁለቱም ተነፍተዋል። አየችኝ፣ አየችኝና ገባት።

«ሰው እኔን እንዲሰማ ብለህ ነው?»

ነቀነቅኩ።

«ዱሺክ... ትወደኛለህ?»

እግዜር ያሳያችሁ! ዕድሜ ልኬን ያለቦታው ስለፈልፍ የኖርኩ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ስትፈለግ አፌ ተለስኗል! አንገቴ እስኪቀጭ ነቀነቅኩ።

«በመነቅነቅ አልቀበልም። ከአፍህ ነው መስማት የምፈልገው።»

እጄን ስባ አጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጠችኝና ትከሻዬ ላይ ደገፍ አለች።

«ቀስ ብለህ አላምጥ» አለችኝ። «የትም አልሄድም።»